«17 ጊዜ አመልክቼ አንዴም አልጠሩኝም»፦ በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ለምትፈልግ እህት

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ስታቲስቲክስ፣ ማስተርሴ የኅብረተሰብ ጤና ነው። አገር ቤት በአንድ የቤት ለቤት የጤና ጥናት ላይ መረጃ ሰብሳቢ፣ ኋላም ሱፐርቫይዘር ሆኜ 2 ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት 6 ዓመት ቆይቼ ምክትል ሬጅስትራር ደርሻለሁ። አሁን ባለቤቴ ፒኤችዲውን በሚሠራበት የእንግሊዝ ከተማ ነው ያለነው፤ ቪዛዬ የእሱ ጥገኛ ሆኜ ያገኘሁት ነው። እዚህ ያለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ በየሳምንቱ ሥራ ያወጣል። የምርምሩንም የቢሮውንም እያልኩ 17 ጊዜ አመለከትኩ፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤዬንና የዲግሪዬን ቅጂ ሳላያይዝ ቀርቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ እንኳ ለቃለ መጠይቅ አልጠሩኝም። ያለ ፒኤችዲ አይሆንም ማለት ነው? ወይስ የውጭ ሰው አይፈልጉም? እባክዎ የትኛውን በር ላንኳኳ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከጥያቄሽ ጋር የላክሽልኝን ሁለት ማመልከቻ ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው። ችግሩ ፒኤችዲ አይደለም። ስምሽን አይቶ የገፋሽ ሰው የለም ብዬ አልምልልሽም፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ስምሽ ተሸፍኖ ቢነበቡም የሚወድቁ ነበሩ። እኔ በዚህ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ከመራጮቹ ወንበርም ተቀምጫለሁ። የምነግርሽ ከዚያ ወንበር የሚታየውን ነው።

አገር ቤት ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አስቢው። የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ደረጃ፣ ደመወዝ፣ ተፈላጊ ችሎታ ማስተርስና 4 ዓመት። ዓመቱ ከሞላና ማህተሙ ካለ ዋናውንና ኮፒውን ይዘሽ ሄደሽ ትመዘገቢያለሽ፤ ፈተናው ከዚያ በኋላ ይመጣል። አንቺም ለእንግሊዞቹ ያደረግሽው ይህንኑ ነው፣ ማስረጃ ይዘሽ ሄደሽ ተመዘገብሽ። እዚህ ግን ማመልከቻው ራሱ ነው ፈተናው። ጥያቄዎቹም ከማስታወቂያው ጋር በተያያዘው ፐርሰን ስፔሲፊኬሽን በሚሉት ሰነድ ላይ ታትመው ተሰጥተውሻል።

ያ ሰነድ ብዙ ጊዜ ሁለት ክፍል አለው፤ የግድ የሚያስፈልግና ቢኖር የሚመረጥ። ከግዱ ስር ስምንት ወይም አሥር ነጥብ ይዘረዘራል። ማስታወቂያው ሲዘጋ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች እነዚያን ነጥቦች በሠንጠረዥ አስፍረው የእያንዳንዱን አመልካች ጽሑፍ ያነባሉ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 3 ወይም ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣሉ። «ይህች ልጅ ጎበዝ ትመስላለች» ብሎ ነጥብ መጨመር አይቻልም፤ ያልተጻፈ ነገር ዜሮ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለአንድ የአስተዳደር መደብ ከመቶ በላይ ማመልከቻ አንብቤ ለቃለ መጠይቅ የጠራነው አምስት ሰው ብቻ ነበር። ከወደቁት ውስጥ ሥራውን ከእኔ በተሻለ ሊሠሩት የሚችሉ እንደነበሩ እርግጠኛ ነኝ። ሠንጠረዡ ላይ ግን ባዶ ነበሩ።

አሁን ያንቺን እንይ። ከግዱ ነጥቦች አንዱ «ብዛት ያለው መረጃን በጥንቃቄና በጊዜ ገደብ ውስጥ የመያዝ ልምድ» ይላል። አንቺ የጻፍሽው «ታታሪና ታማኝ ሠራተኛ ነኝ፤ በሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት የ6 ዓመት ልምድ አለኝ» የሚል ነው። ይህ ዜሮ ነው፤ ቢበዛ አንድ። ሲቪሽ ውስጥ ግን በሌላ ቦታ፣ በአንዲት መስመር፣ ዩኒቨርሲቲው 9,000 ተማሪ እንደነበረውና የሴሚስተር ውጤት በ3 ሳምንት ይጠናቀቅ እንደነበር ጠቅሰሻል። እዚያ ላይ ነው ወርቁ ያለው! ከመምህራን ዘግይቶ የሚመጣ ውጤት ስንት ነበር? ማን ይከታተለው ነበር? ስህተት ሲገኝ በምን ታረጋግጪ ነበር? አድና ድሮፕ (ኮርስ መጨመሪያና መቀነሻ) ላይ ተማሪው በመስኮት ሲጋፋ ተራውን ማን ያደራጀው ነበር? እነዚህን በአምስት ዓረፍተ ነገር መልሺያቸው፣ ሁኔታውን፣ ያደረግሽውንና የተገኘውን ውጤት አስከትለሽ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ነጥብ እለፊ። ነጥቦቹን እነሱ ባስቀመጡት ቅደም ተከተል፣ እነሱ በተጠቀሙበት ቃል እንደ ንዑስ ርዕስ አድርጊያቸው። የሚያነበው ሰው ደክሞታል፤ መልሱን እንዲፈልግ አታድርጊው።

አንድ ነገር ደግሞ በሁለቱም ማመልከቻዎችሽ አየሁ፣ በብዙ ያገሬ ልጆችም ላይ አይቼዋለሁ፦ «እኛ»። «አሠራሩን አሻሽለናል፣ ሥርዓት ዘርግተናል፣ ጥናቱን አጠናቀናል።» በእኛ ዘንድ «እኔ ሠራሁት» ማለት ልታይ ልታይ ማለት ነው፤ ያሳደገን ሰው ቢሰማ ያፍርብናል። መራጩ ፓነል ግን ለ«እኛ» ነጥብ መስጫ ሳጥን የለውም። ቡድኑን እየቀጠሩት አይደለም። አንቺ ያደረግሽውን «እኔ» ብለሽ፣ ቡድኑ ያደረገውን ቡድኑ ብለሽ ለይተሽ ጻፊ። መጀመሪያ ላይ ይጎረብጥሻል፤ እኔም ጎርብጦኝ ነበር።

ወደ ማዕረግሽ ልምጣ፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ይበልጥ ያስገረመኝ ይህ ነው። ምክትል ሬጅስትራር የሚለውን ቃል በቃል ተርጉመሽ አስቀምጠሻል። እዚህ አገር በብዙ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ማለት የአስተዳደሩ ሁሉ ቁንጮ ነው፤ ከፋይናንሱ እስከ ግቢ ጥበቃው በሥሩ የሚሆንበት ቦታ አለ። ምክትሉ ደግሞ ከፍተኛ ሹም ነው። እንግዲህ ለጀማሪ የቢሮ መደብ «ምክትል ሬጅስትራር ነበርኩ» ብላ ያመለከተች ሴት ስትመጣ አንባቢው ወይ ማዕረግ አጋነነች ይላል፣ ወይ ይህ ሥራ አይመጥናትም፣ ወር ሳትሞላ ትሄዳለች ይላል። አንቺ የሠራሽው እዚህ የተማሪዎች መዝገብ፣ ምዝገባ፣ ፈተናና የውጤት ማጽደቅ በሚባሉ የተለያዩ ክፍሎች ተበትኖ የሚገኝ ሥራ ነው። ማዕረጉን እንዳለ ተዪው፣ አትዋሺ፤ ከጎኑ ግን «የተማሪዎች መዝገብና የፈተና ውጤት አስተዳደር ኃላፊነት» የሚል ማብራሪያ በእንግሊዝኛው አክዪበት። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ መዝገብ የሚይዙበትን ሲትስ የሚባለውን ሶፍትዌር ባለማወቅሽም አትፍሪ። ከዚህ በፊት የትኛውን ሥርዓት በስንት ጊዜ ውስጥ ተምረሽ ሌሎችን እንዳስተማርሽ ጻፊ።

አሁን ስለ በሮቹ። የዚህ አገር ትልቅ ዩኒቨርሲቲ እንደ አንድ መካከለኛ ከተማ ነው። ማንችስተር ዩኒቨርሲቲን ብንወስድ፣ በ2004 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ሁለት ተቋማት ተዋሕደው የተፈጠረ ነው፤ ከ12,000 በላይ ሠራተኛ አለው። ከእነዚህ ብዙዎቹ አስተማሪም ተመራማሪም አይደሉም። የገንዘብ ሰው አለ፣ የቤተ መጻሕፍት፣ የኮምፒውተር፣ የሕንፃ ጥገና፣ የላብራቶሪ ቴክኒሻን፣ የተማሪ አማካሪ፣ የኮንትራት ጠበቃ። ይህ ሁሉ ፕሮፌሽናል ሰርቪስ በሚለው ጥላ ሥር ነው። በሌላ ወገን የምርምሩ መሰላል አለ፤ ሪሰርች አሲስታንት፣ ሪሰርች አሶሼት፣ ፌሎው እያለ ይወጣል። ፒኤችዲ የግድ የሚሆነው በተለምዶ ከአሶሼት ጀምሮ ነው፤ ፖስትዶክ የምንለው እሱ ነው። አሲስታንት ግን በማስተርስ፣ አንዳንዴም በመጀመሪያ ዲግሪ ይገባል። ስሙ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ተጠንቀቂ፤ ኦክስፎርድ ፖስትዶኩንም አሲስታንት የሚልበት ጊዜ አለ። ስሙን ትተሽ ፐርሰን ስፔሲፊኬሽኑ ፒኤችዲ ይጠይቅ እንደሆነ እዪ።

ግሬዱም እንዲሁ ያሳስታል። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በ2004 ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር በተደረሰ ስምምነት በአንድ የጋራ የደመወዝ እርከን ይጠቀማሉ፤ እርከኑን በግሬድ የሚቆራርጡት ግን በየራሳቸው ነው። ማንችስተር ፖስትዶክን በግሬድ 6 ይቀጥራል፣ ኦክስፎርድ በ7። ስለዚህ ዓይንሽ ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ብሩ ላይ ይሁን።

በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የገንዘቡ ምንጭ ነው። ተመራማሪው የሚቀጠረው ፒአዩ (የምርምሩ ዋና መሪ) ባመጣው ግራንት፣ ማለትም የምርምር ገንዘብ ነው፤ ግራንቱ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ዓመት። ከ2002 ጀምሮ ያለው ሕግ በተከታታይ ኮንትራት 4 ዓመት የሠራን ሰው፣ አሠሪው በቂ ምክንያት ካላቀረበ በቀር፣ እንደ ቋሚ ሠራተኛ ይቆጥረዋል። ግን ቋሚ መባልና ገንዘብ መኖር ሁለት ነገር መሆናቸውን ብዙ ፖስትዶኮች በእንባ ተምረውታል። የአስተዳደሩ ሥራ በአብዛኛው ቋሚ ነው፤ እድገቱ ግን በግሬዱ ጣሪያ ላይ ይቆማል። ከፍ ለማለት ሌላ መደብ ላይ እንደ አዲስ ማመልከት አለብሽ። እዚያው ቁጭ ብሎ መሾም ብርቅ ነው።

አንቺ ግን ሁለቱን በሮች ብቻ እያየሽ መሐሉን አልፈሽዋል። በ2020 ኦክስፎርድ የመራውን ሪከቨሪ የሚባለውን የኮቪድ መድኃኒት ሙከራ አስታውሺ። ፕሮቶኮሉ ከተረቀቀ በ9 ቀን የመጀመሪያው ታካሚ ተመዘገበ። በዚያው ዓመት ጁን ወር ላይ ዴክሳሜታሶን የተባለ ርካሽ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉ ሕሙማን የሚሞቱትን በሲሶ ገደማ እንደሚቀንስ ተነገረ። ዜናው የወጣው በፕሮፌሰሮቹ ስም ነው፣ ደግሞም ይገባቸዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሙከራ ያለ ትራያል ኮኦርዲኔተር (የሙከራው አስተባባሪ)፣ ያለ ዳታ ማኔጀር (የመረጃው ኃላፊ)፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱን ከሚከታተለውና ከየሆስፒታሉ ጋር ውል ከሚዋዋለው የቢሮ ሰው ውጭ አንድ እርምጃ አይሄድም። እነዚህ ሰዎች ግማሽ ተመራማሪ ግማሽ አስተዳዳሪ ናቸው። መደቦቹ አንዳንዴ በምርምር፣ አንዳንዴ በፕሮፌሽናል ሰርቪስ ሥር ይወጣሉ፤ ፍለጋሽን በአንዱ ብቻ ካጣራሽ ግማሹ ያመልጥሻል።

አንቺ ደግሞ ለዚህ የተሠራሽ ነሽ። የቤት ለቤት ጥናት ላይ ሱፐርቫይዘር የነበረች ሴት መጠይቅ በኦዲኬ ወይም በኮቦ (በስልክ መረጃ በሚሰበሰብባቸው መተግበሪያዎች) እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ ያልተሟላ ቅጽ ይዞ ተመልሶ ቤቱን ማንኳኳት ምን ማለት እንደሆነ፣ ፈቃደኝነት እንዴት እንደሚጠየቅ ታውቃለች። ስታታ ወይም ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ትችያለሽ። በዚያ ላይ ደግሞ የ6 ዓመት የመዝገብ ዲሲፕሊን አለሽ። «ሪሰርች ኮኦርዲኔተር»፣ «ዳታ ማኔጀር»፣ «ፕሮጀክት አድሚኒስትሬተር»፣ «ስተዲ ማኔጀር» በሚሉ ቃላት ፈልጊ። የሕክምናና የኅብረተሰብ ጤና ፋኩልቲዎች ላይ አተኩሪ፤ እንዲህ ያለ መደብ የሚበዛው እዚያ ነው።

አማርኛሽንም አትርሺው። ያንግ ላይቭስ የሚባለው የኦክስፎርድ ጥናት ከ2001 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ያህል ልጆችን ተከትሎ እስከ ጉልምስና አድርሷል። ብራይተን ላይ ያለው የሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ በባዶ እግር ቀይ አፈር በመርገጥ የሚመጣውን የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ለብዙ ዓመት አጥንቷል። ለንደን ውስጥም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር የአእምሮ ጤና የሚያጠኑ አሉ። እንዲህ ባለ ፕሮጀክት ውስጥ ከአዲስ አበባው ቢሮ ጋር በስልክ ተነጋግሮ የዘገየውን የሂሳብ ደረሰኝ ማስመጣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ቋንቋውን የምታውቅ ሰው ስትገኝ ፒአዩ እፎይ ይላል። መደብ እስኪወጣ አትጠብቂ። ለፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ አጭር ኢሜይል ጻፊ፤ ማን እንደሆንሽ በሦስት መስመር፣ ምን ልታግዢ እንደምትችዪ በሁለት። ይህ እዚህ አገር ነውር አይደለም። ያለ ውድድር ይቀጥሩሻል ማለት ግን አይደለም፤ ማስታወቂያው ሲወጣ ሥራው ምን እንደሆነ ቀድመሽ እንድታውቂ ነው።

ስለ ቪዛ። አንዱ ማመልከቻሽ ላይ «ስፖንሰርሺፕ ያስፈልግሻል ወይ?» ለሚለው «አዎ» ብለሻል፤ ቪዛዬ ስለሚያልቅ ብለሽ ይመስለኛል። የፒኤችዲ ተማሪ ጥገኛ እንደመሆንሽ ዛሬ ያለ ማንም ስፖንሰር ሙሉ ሰዓት መሥራት ትችያለሽ። ጥያቄው «ለዚህ መደብ አሁን ያስፈልግሻል ወይ» ከሆነ መልሱ «አያስፈልገኝም፣ እስከዚህ ቀን የመሥራት መብት አለኝ» ነው። «ወደፊትስ?» ካለ ደግሞ እውነቱን፣ ከነቀኑ ጻፊ። ባለቤትሽ ሲጨርስ ለተመራቂ የሚሰጠውን የ3 ዓመቱን ግራጁዌት ቪዛ ማመልከት ይችላል፣ አንቺም ጥገኛው ሆነሽ ትቀጥያለሽ፤ ይህንንም ማስረዳት ጥሩ ነው። «አዎ» የሚለው ቃል ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ። ከጁላይ 2025 ወዲህ በአሠሪ ስፖንሰርነት ለሚሰጠው ለስኪልድ ወርከር ቪዛ መደበኛው የደመወዝ ወለል 41,700 ፓውንድ ሆኗል፣ ሥራውም የዲግሪ ደረጃ መሆን አለበት። ለፖስትዶክና ለአንዳንድ አዲስ ገቢዎች 33,400 የሚል ቅናሽ አለ። አብዛኛው መካከለኛ የቢሮ መደብ ግን ወለሉ ጋ አይደርስም። ስለዚህ መራጩ «አዎ»ን ሲያይ ልንቀጥራት አንችልም ብሎ ያልፋል። ሕጉ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ከማመልከትሽ በፊት የመንግሥቱን ድረ ገጽ ተመልከቺ፤ የፌስቡክ ምክር አትስሚ፣ ዓመት ካለፈው በእኔም ምክር ቢሆን አትተማመኚ።

ጊዜው ራሱ ከባድ መሆኑንም ልደብቅሽ አልችልም። ዩኒቨርሲቲዎቹ ገንዘብ አጥሯቸዋል። ካርዲፍ በጃንዋሪ 2025 ብቻ 400 የሥራ መደብ ለመቀነስ ማቀዱን አስታውቋል፤ ሌሎችም ሠራተኛ በፈቃዱ እንዲለቅ ገንዘብ እየሰጡ ነው። ቅነሳ ባለበት ቤት አዲስ መደብ ሲከፈት ቅድሚያ የሚያገኙት መደባቸው የታጠፈባቸው የራሱ ሠራተኞች ናቸው። ከ17ቱ ውስጥ ጥቂቶቹ በዚህ ምክንያት የቀሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያ ያንቺ ጥፋት አይደለም።

ለዚህም ነው በጎን በኩል ግቢ የምልሽ። ብዙ ዩኒቨርሲቲ ጊዜያዊ ሠራተኛ የሚመድብበት የራሱ ክፍል አለው፤ ኦክስፎርድም ካምብሪጅም አላቸው። እዚያ አንድ ጊዜ ትመዘገቢያለሽ። ከዚያ ምዝገባ ሲጨናነቅ፣ ፈተና ሲደርስ፣ የተመራቂ ሰልፍ ሲዘጋጅ ለሳምንታት ይጠሩሻል። ክፍያው በሰዓት ነው፣ ክብሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የውስጥ ሰው ያደርግሻል። ለውስጥ ሠራተኛ ብቻ የሚወጡ ማስታወቂያዎች አሉ፣ ጊዜያዊ ሠራተኛም የሚካተትበት ቦታ አለ፤ ሲመዘግቡሽ ጠይቂ። ሌላው በር የወሊድ ፈቃድ ምትክ ነው። ለ9 ወር ወይም ለ12 ወር ስለሆነ ቋሚ የሚፈልጉ ሰዎች ይሸሹታል፣ ተወዳዳሪው ያንሳል። ጨርሰሽ ስትወጪ ግን እነሱ የሚያውቁት ምስክር፣ እነሱ የሚያውቁት ሥራ ይኖርሻል።

ስለ ወረቀቱ በአጭሩ። የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ማያያዝ ተዪ፤ ማንም አያነበውም። ምስክር የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ ሥራውን ከሰጡሽ በኋላ ነው፣ ያኔም በኢሜይል ነው። የቀድሞ አለቃሽ በመሥሪያ ቤት ኢሜይል እንደሚመልሱ ካሁኑ አረጋግጪ፤ በጂሜይል የሚመጣ ምስክርነት ጥያቄ ያስነሳል። ዲግሪሽን የውጭ አገር ዲግሪ በሚመዝነው በዩኬ ኢኒክ ለማስመዘን አሁኑኑ ገንዘብ አታውጪ፤ ብዙ ማስታወቂያ «ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ ልምድ» ነው የሚለው፣ አሠሪው ሲጠይቅሽ ያኔ ትከፍያለሽ።

ከዚህ በኋላ የምታደርጊው ይህ ነው። ለሁለት ሳምንት ምንም አታመልክቺ። ሲቪ መበተን ውሃ መውቀጥ ሆኖብሻል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ከሥራ ሕይወትሽ ስምንት ታሪክ ጻፊ፤ የዘገየ ውጤት ያስመጣሽበት፣ የተናደደ ወላጅ ያበረድሽበት፣ ስህተት ሠርተሽ ያረምሽበት፣ መረጃ ሰብሳቢ ሲያጭበረብር የያዝሽበት። እያንዳንዳቸው ከ150 ቃል አይብለጡ። ማመልከቻውንም ቃለ መጠይቁንም የምትመልሺው በእነዚህ ነው፤ በየማስታወቂያው የሚለወጠው የትኛው ታሪክ ለየትኛው ነጥብ እንደሚውል ብቻ ነው። ከዚያ ከመሐለኛው በር አንድ መደብ መርጠሽ ማስታወቂያው ላይ በስም የተጠቀሰውን ሰው ስለ ሥራው አንድ እውነተኛ ጥያቄ ጠይቂው። ስሙ የተጻፈው እንዲጠየቅ ነው፤ የሚደውል ግን ጥቂት ነው።

ሰዓቱንም አደራ። ኦክስፎርድ ማስታወቂያዎቹን አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው እኩለ ቀን 12:00 ላይ ነው፤ በእኛ 6 ሰዓት መሆኑ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ እኩለ ሌሊት መስሎት ማታ ሻዩን ይዞ ተቀመጠ፣ ገጹ ተዘግቶ ጠበቀው። 18ኛውን ስትጨርሺ ከመላክሽ በፊት ላኪልኝና በእነሱ ሠንጠረዥ ነጥብ እሰጥሻለሁ፤ ዜሮ ካየሁ ዜሮ ነው የምጽፈው።